መድኃኒቱ ሲያደክም፦ የየካ ሚካኤል ዳገትና የልብ ሕሙማን

ወር በገባ በ12 ማለዳ የካ ሚካኤል ዙሪያው ነጠላ በለበሱ ምዕመናን ይሞላል። ከሾላና ከመገናኛ በታክሲ የመጣው፣ ከኮተቤ በሌሊት የተነሣው፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በእግሩ ያቋረጠው ሁሉ ወደ ቅጥሩ ያቀናል። ከበስተጀርባ የየካ ተራራ ባሕር ዛፉን ለብሶ ቆሟል፤ እዚያ ላይ ከዓለት የተፈለፈለው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። ሰፈሩ የዳገት ሰፈር ነው። ጤነኛው ሳያስተውለው ይወጣዋል፤ ልቡ የታመመ ሰው ግን እያንዳንዱን መታጠፊያ ያውቀዋል።

በመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ግቢ አጥር ሥር፣ ስልሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው እናት ድንጋይ ላይ አረፍ ብለዋል። አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው ስልኳን ይዛ ትጠብቃለች።

«እማዬ፣ ታክሲ ልጥራ?»

«ተይ ልጄ፣ ትንሽ ልረፍና እነሣለሁ።»

ደረታቸውን አይዙም፤ ትንፋሻቸውም ብዙ አልተቆራረጠም። የሚያሹት ጭናቸውን ነው። «በፊት ይህን ዳገት ሳላርፍ ነበር የምወጣው» ይላሉ። «ያኔ ልቤ ይመታብኝ ነበር፣ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ልቤ ጸጥ አለ። እኔም አብሬው ጸጥ አልኩ። ሰውነቴ ይዝላል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል።»

ከቦርሳቸው ያወጡት ፌስታል ውስጥ የታጠፈ የቀጠሮ ካርድና ሦስት ዓይነት ክኒን አለ፦ ኢናላፕሪል፣ ፉሮሰማይድና ሜቶፕሮሎል። በየካርቶኑ ላይ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ በስክሪፕቶ «ጠዋት 1፣ ማታ 1» ብሎ ጽፏል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሊያልቁ ተቃርበዋል። ከሜቶፕሮሎሉ ግን ብዙ ፍሬ ተርፏል። ምክንያቱን ሲጠየቁ አልደበቁም፦ «በዓል ሲሆን አልውጠውም። ለመቆም ጉልበት እንዲኖረኝ ብዬ ነው።»

ለሐኪምዎ ነግረዋቸዋል? ሲባሉ ፊታቸው ላይ እውነተኛ ድንጋጤ ታየ። «ኧረ ምን ብዬ! እንድድን ብሎ የሰጠኝን መድኃኒት ደከመኝ ብዬ ላማርር?»

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ባልተነገረው ድካም ላይ ነው። የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ብዙ ሰዎች ይደክማቸዋል። ድካማቸው እውነት ነው፤ ስንፍናም፣ እርጅና ብቻም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜም ሊቀል ይችላል። አደጋ የሚሆነው ታካሚው ድካሙን ለራሱ ይዞ፣ መፍትሔውንም ለራሱ ሲፈልግና ክኒኑን በገዛ ፈቃዱ ሲያቆም ነው።

ድካሙ ከየት ይመጣል?

ልብ በደም ግፊት፣ በቫልቭ ጉዳት ወይም በጡንቻ መድከም ምክንያት አቅሙ ሲቀንስ ሰውነት ዝም ብሎ አይመለከትም። አድሬናሊንና ኖራድሬናሊን የተባሉትን ቅመሞች ወደ ደም ይለቅና ልብን «ፍጠን፣ በርታ» ይለዋል። ለአጭር ጊዜ ይጠቅማል። ወራትና ዓመታት ሲቆይ ግን የደከመ በቅሎን ዳገት ላይ በአለንጋ እንደ መግረፍ ነው፤ በቅሎው ለጊዜው ይራመዳል፣ በመጨረሻ ይወድቃል። የልብ ጡንቻም በዚያ ግርፋት ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ ምቱም ይዛባል።

ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች አለንጋውን የሚቀሙ ናቸው። አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ካርቬዲሎልና ቢሶፕሮሎል ከዚህ ወገን ይመደባሉ። አድሬናሊን በልብ ላይ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ቀድመው ይይዛሉ። ያኔ ልብ በደቂቃ የሚመታው ቁጥር ይቀንሳል፣ ግፊቱም ይወርዳል፣ ጡንቻው ያርፋል።

ዕረፍቱ ግን ዋጋ አለው። ሰው ዳገት ሲወጣ እግሮቹ ብዙ ደም ይጠይቃሉ፤ ጤነኛ ልብም ምቱን በማፍጠን ይመልሳል። መድኃኒቱ ያለበት ልብ የፈለገውን ያህል መፍጠን አይችልም። ስለዚህ የጭንና የባት ጡንቻዎች የሚበቃቸውን ሳያገኙ ይቀራሉ። ብዙዎች «ትንፋሼ ሳያጥር እግሬ ከበደኝ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮፕራኖሎልና ሜቶፕሮሎል ደግሞ ወደ አንጎል በቀላሉ ስለሚገቡ በአንዳንዶች ላይ እንቅልፍን ያውካሉ፣ ቅዠት ያመጣሉ፤ በነጋታው መጫጫኑ ይከተላል።

ቤታ ብሎከር ብቻውን አይወቀስም። እንደ ፉሮሰማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች ከትርፉ ውሃ ጋር ፖታሲየምና ሶዲየምንም ያስወጣሉ። እነዚህ ማዕድናት ሲያንሱ ጡንቻ ይዝላል፣ ቁርጥማትም ይመጣል። ውሃው ከልክ በላይ ከወጣ ደግሞ ሰውየው ከመቀመጫው ሲነሣ ዓይኑ ጭልም ይልበታል። ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን ግፊትን ከሚገባው በታች ካወረዱ ድካምና ማዞር ያስከትላሉ። ዲጎክሲን በደም ውስጥ ሲጠራቀም ከድካሙ ጋር የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ያስታውካል፣ አንዳንዴም ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይታያል። አሚዮዳሮን የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ሊያዛባ ይችላል። ለኮሌስትሮል የሚሰጡት ስታቲኖች በአንዳንዶች ላይ የጡንቻ ሕመም ያመጣሉ። ዋርፋሪን የመሰለው ደም ማቅጠኛም ሳይታወቅ ደም ካስፈሰሰ በደም ማነስ በኩል ያደክማል።

የከፍታው ድርሻ

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሁሉ የሚሸከመው ከፍታ ላይ ሆኖ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ተቀምጣለች፤ የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በከተማው ከፍታ ሳንባ ውስጥ የሚገባው አየር የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለደገኛ ሰው ይህ የለመደው ኑሮ ነው። ልቡ የደከመና ምቱ በመድኃኒት የተገደበ ሰው ግን ዳገት ሲጨመርበት ልዩነቱን ይሰማዋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ካለ ዘመድ ወይም ቆላ ካለ ወንድም ጋር ራስን ማነጻጸር ተገቢ አይደለም።

እዚያው እንጦጦ ላይ በማለዳ የሚሮጡትን አትሌቶች ማሰብ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የረጅም ርቀት ሯጭ ልብ ዕረፍት ላይ በደቂቃ ከ40 እስከ 50 ጊዜ ብቻ ቢመታ አያስገርምም። ሥልጠናው ልቡን ስላሰፋውና ስላበረታው በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል፤ ዳገት ሲመጣም እንደልቡ ይፈጥናል። ታካሚው ላይ ምቱን ያዘገየው ክኒን ነው፤ ሲያስፈልግ ማፍጠኛው ተይዟል። ስለዚህ የምት ቁጥር ብቻውን ጤናንም በሽታንም አይናገርም። ቁጥሩ ከስሜቱ ጋር ተያይዞ መታየት አለበት፦ 55 ምት ይዞ ደልቶት የሚውል አለ፣ በ55 ምት ራሱን የሚያዞረውም አለ።

ልብን ያዘገየ እንዴት ዕድሜ ያረዝማል?

ታካሚ «ካደከመኝ ለምን ይሰጡኛል?» ቢል ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሐኪሞችም ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ጠይቀውታል። ስኮትላንዳዊው ሰር ጄምስ ብላክ ፕሮፕራኖሎልን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲያስተዋውቅ ያሰበው ለደረት ሕመምተኞች ነበር፤ ሥራው በ1988 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ለደከመ ልብ ግን መድኃኒቱ ክልክል ነበር። የደከመን ነገር ጭራሽ ማዘግየት ግድያ መስሎ ታየ።

በ1975 በስዊድኗ ዮተቦሪ ከተማ ፊን ቫግስታይንና ባልደረቦቹ ልባቸው እጅግ ለደከመ ሰባት ታካሚዎች ቤታ ብሎከር ሰጥተው መሻሻላቸውን ጻፉ። ብዙዎች አላመኗቸውም። ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ውጤታቸውን አወጡ። አንደኛው በ3,991 ሰዎች ላይ ሜቶፕሮሎልን፣ ሌላኛው በ2,647 ሰዎች ላይ ቢሶፕሮሎልን የፈተሹ ነበሩ። በሁለቱም ሞት በ34 በመቶ ቀነሰ። በ2001 ካርቬዲሎልም ተመሳሳይ ውጤት አሳየ። ከዚያ በኋላ ክልክል የነበረው መድኃኒት የልብ ድካም ሕክምና ምሰሶ ሆነ።

በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ አንድ ጥበብ ነበር፤ እሱም ዝግ ብሎ መሄድ ነው። ቢሶፕሮሎል በ1.25 ሚሊ ግራም፣ ካርቬዲሎል በ3.125 ሚሊ ግራም ተጀምሮ፣ ታካሚው ከቻለው ብቻ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ከፍ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አድካሚ መሆናቸው የታወቀ ነው። የልብ ጡንቻ ዕረፍት አግኝቶ እስኪጠገን ወራት ይፈጃል። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ሰው ይታገሣል፤ ያልተነገረው ሰው መድኃኒቱ ገደለኝ ብሎ ይጥለዋል።

ጥፋቱ የክኒኑ ብቻ ነውን?

እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ከ35,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 15 ሙከራዎች ደምሮ ተመለከተ። ቤታ ብሎከር ከወሰዱት ውስጥ፣ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ከወሰዱት በላይ ድካም የተሰማቸው በዓመት ከ1,000 ሰዎች 18 ያህሉ ነበሩ። ባዶውን ክኒን ከወሰዱትም ብዙዎች ደክሞናል ብለዋል። ጥናቱ ሌላም ነገር ይዞ ነበር፦ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉት ቀደምት መድኃኒቶች ከኋለኞቹ የበለጠ ያደክማሉ።

ይህ ማለት «ድካማችሁ ውሸት ነው» ማለት አይደለም። የደከመው ሰው ሌላም ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል፣ ሁሉም መፈለግ እንዳለበት ነው የሚያስረዳው። አንደኛው ተጠርጣሪ ራሱ የልብ በሽታው ነው። ከዚያ የደም ማነስ ይመጣል፤ የታይሮይድ ዕጢ መታወክም አለ፤ የኩላሊት ድክመት፣ የስኳር በሽታ፣ የሚያንኮራፋ ሰው የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ ሐዘንና የመንፈስ ጭንቀትም ሰውን ያዝላሉ። የሄሞግሎቢን፣ የፖታሲየም፣ የሶዲየም፣ የኩላሊትና የታይሮይድ የደም ምርመራዎች አብዛኛውን ይለያሉ።

ታካሚው ራሱ ለሐኪሙ ሊያቀርብ የሚችለው ትልቁ ማስረጃ ግን ጊዜ ነው። ድካሙ የጀመረው ከክኒኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ? መጠኑ ከተጨመረ በስንት ቀኑ? ክኒኑን በዋጡ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይጫጫንዎታል ወይስ ቀኑን ሙሉ? የእነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መልስ በደብተር ጽፎ የመጣ ሰው ሐኪሙን በግማሽ መንገድ ላይ ያገኘዋል።

በሥራ ዕድሜ የሚታመም አገር

በእኛ አገር ይህ ጉዳይ የጡረተኞች ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በሚገኙ 12 ሆስፒታሎች፣ ከ2007 እስከ 2010 (እ.ኤ.አ.) በልብ ድካም ተኝተው የታከሙ 1,006 ሰዎችን የመዘገበ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸውን 52 ሆኖ አግኝቶታል። ዋናው ምክንያት፣ በ45 በመቶው ላይ፣ የደም ግፊት ነበር። በ14 አገሮች የተደረገና ኢትዮጵያም የነበረችበት ሌላ ጥናት ደግሞ የሩማቲክ የልብ በሽታ ያለባቸውን 3,343 ሰዎች ተከታትሎ፣ እኩሌቶቹ ዕድሜያቸው ከ28 በታች፣ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ደግሞ ሴቶች መሆናቸውን አሳየ።

የሩማቲክ የልብ በሽታ የሚጀምረው በልጅነት፣ በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው። የጠበበ ቫልቭ ያለባት ወጣት ቤታ ብሎከር የሚታዘዝላት ደም በጠባቡ በር ለማለፍ ጊዜ እንዲያገኝ ነው፤ ልቧ ሲዘገይ ትንፋሿ ይሻላል፣ ጉልበቷ ግን ሊቀንስ ይችላል። ከነዚህ ታካሚዎች ጋር ስሙ የተሳሰረው የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን መሠረተ፤ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። እዚያ ቀዶ ሕክምና ያገኘ ልጅም ሆነ ወረፋ የሚጠብቅ ወጣት ለዓመታት መድኃኒት ይወስዳል። ተማሪ ነው፤ ሠራተኛ ነው፤ እናት ናት። ድካሙ ከክፍል የሚያስቀር፣ ከደሞዝ የሚያስቆርጥ፣ ሕፃን አዝሎ ጀሪካን ማንሣት የሚከለክል ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «ትንሽ ድካም አለው፣ ቻለው» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

«እግዚአብሔር ይመስገን»

በሐኪም ቤት የክትትል ክፍል በር ላይ ወረፋው ረጅም ነው። ነርሷ ግፊት ትለካለች፣ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ትጽፋለች፣ «እንዴት ነዎት እናቴ?» ትላለች። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ»። ጨዋነት ነው፤ ምስጋናም ነው። ሐኪሙም ካርዱ ላይ ጥሩ የግፊት ቁጥር ያያል፣ ያንኑ መድኃኒት ይደግማል። ዳገቱ ላይ ድንጋይ ፈልጎ መቀመጡ፣ በበዓል ቀን የተዘለለው ክኒን፣ ልብስ ማጠብ ሁለት ቀን መፍጀቱ ካርዱ ላይ የለም።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። መድኃኒቱ የሚያመጣበትን የደበቀም እንዲሁ ነው። ምክንያቱም የሐኪሙ እጅ ባዶ አይደለም። መጠኑን መቀነስ ይችላል። ከቀደምቱ መድኃኒት ወደ ኋለኛው መለወጥ ይችላል። ቀን የሚያዝለውን ክኒን ወደ ማታ ማዛወር ይችላል። ሽንት የሚያሸናውን ማስተካከል፣ የማያስፈልገውን ማስቀረት ይችላል። እነዚህን ሁሉ የሚያደርገው ግን ካወቀ ነው።

ለጤና ባለሙያዎችም ቃል አለን። «እንዴት ነዎት?» የሚለው ጥያቄ ምስጋናን ብቻ ነው የሚያመጣው። «ከታክሲ ወርደው ቤትዎ ለመድረስ ስንት ጊዜ ያርፋሉ? ባለፈው ዓመትስ?» ተብሎ ቢጠየቅ እውነቱ ይወጣል። «በሳምንት ስንት ክኒን ይረሳሉ?» ብሎ ያለ ቁጣ መጠየቅም እንዲሁ። የተቆጣ ሐኪም ፊት ማንም አልዋጥኩትም አይልም።

ቤታ ብሎከርን በድንገት ማቆም ደግሞ ከድካሙ የከፋ ነው። ልብ በመድኃኒቱ ስለተከለለ አድሬናሊንን የሚቀበሉ ቦታዎቹን ያበዛል። ክኒኑ ድንገት ሲቋረጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያ ሁሉ ቦታ ባዶ ሆኖ ለአድሬናሊን ይጋለጣል፤ ምቱ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ያሻቅባል፣ የደረት ሕመምና የልብ ድካም ሊቀሰቀስ፣ የልብ የደም ሥር ችግር ባለበት ሰው ላይም ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ማቆም ካስፈለገ በሐኪም ትእዛዝ፣ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። ለበዓል ብሎ አንድ ቀን መዝለልም የዚሁ አደጋ ታናሽ ወንድም ነው።

ጠበልና ጾም

የየካና የእንጦጦ ሰው መድኃኒት የሚያቋርጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ጠበል የገባ ሰው ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል የሚመስለው አለ። ይህ ጥያቄ እዚሁ ተራራ ላይ መልስ አግኝቷል። በእንጦጦ ጠበል ይጠመቁ የነበሩ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ብዙዎች መድኃኒታቸውን በሚተዉበት ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ አንዱም ሌላውን እንደማይቃረን በይፋ ተናግረዋል። ለቫይረስ የተነገረው ለልብም ይሠራል።

ጾምም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው የጠዋቱን ክኒን ከሰዓት በኋላ፣ የማታውን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሲውጥ፣ ሁለቱ መጠኖች ተቀራርበው ግፊቱን ያወርዱታል፤ ምሽቱን ማዞርና መዛል ይከተላል። ባዶ ሆድ ላይ ውሃ ሳይጠጣ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የወሰደም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ቀኖናዋ ርኅሩኅ ነው። ከጾሙ መግቢያ በፊት ንስሐ አባትንም ሐኪምንም ማማከር፣ የክኒኑን ሰዓት ከሁለቱ ጋር መወሰን ነው መልካሙ። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘ መድኃኒት ከጠዋቱ 1 ሰዓትና ከምሽቱ 1 ሰዓት ቢወሰድ ክፍተቱ እኩል ይሆናል።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ምትን መቁጠር ይልመዱ። ተቀምጠው አምስት ደቂቃ ካረፉ በኋላ ሁለት ጣት ከአውራ ጣት በታች በእጅ አንጓ ላይ አድርገው ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩና በሁለት ያባዙ። ከ50 በታች ከሆነ፣ በተለይ ማዞር ካለብዎት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይጠይቁ። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ይጻፉት።

ሁለተኛ፣ የቀኑን ጉልበት ያከፋፍሉ። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ልብስ የሚታጠብበት ቀን አይሁን። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ፋንታ ባለ 5 ሊትር ይዘው ደጋግመው ይመላለሱ። ሽንኩርት መክተፍ፣ ልብስ ማጠብ፣ ገላ መታጠብ ተቀምጦ ይቻላል። ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፣ ጥቂት ቆይተው ይቁሙ።

ሦስተኛ፣ ተኝተው አይዋሉ። ድካም ዕረፍትን ይጋብዛል፣ ዕረፍት ሲበዛ ደግሞ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ድካሙም ይብሳል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የወጣ፣ 2,331 የልብ ድካም ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት፣ በልክ የሚደረግ እንቅስቃሴ ለእነሱም አስተማማኝ መሆኑን አሳይቷል፤ አብዛኞቹ ቤታ ብሎከር ይወስዱ ነበር። ሐኪም ከፈቀደ ሜዳ ላይ በአምስትና በአሥር ደቂቃ ይጀመራል፣ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨመራል። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በኮሪደር ልማት የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለዚህ ከሰፈሩ ዳገት የተሻለ ነው። ልኩ ቀላል ነው፦ እየተራመዱ ከጓደኛ ጋር ማውራት ከቻሉ በቂ ነው፤ ቃል ከተቆራረጠ ይቀንሱ።

አራተኛ፣ ሽንት የሚያሸናውን መድኃኒት መንገድ ስላለብኝ ብለው አይተዉት። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ችግሩ እውነተኛ ነው። በዚያ ቀን ከመንገድ ሲመለሱ መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ማታ ዘግይቶ መውሰድ ግን እንቅልፍን ይበጠብጣል።

አምስተኛ፣ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በራስዎ አይግዙ። ውሃና ጨው በሰውነት ውስጥ ይይዛሉ፣ ኩላሊትን ይጫናሉ፣ የልብን ድካም ያባብሳሉ። ጨው በሽሮው፣ በበርበሬውና በወጡ ውስጥ ተደራርቦ ስለሚገባ ይቀንሱ። ጫት ምትንና ግፊትን ስለሚያስነሣ ከመድኃኒቱ ጋር ይጣላል።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ድካም

ድካሙ ከእግር እብጠት ጋር ከመጣ፣ ክብደት በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ያህል ከጨመረ፣ ለመተኛት ትራስ መደራረብ ካስፈለገ፣ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም ጥቁር ዓይነ ምድር ከታየ፣ ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ካስታወከና እይታው ከተለወጠ፣ ያ ድካም የመድኃኒት ተጓዳኝ ችግር ተብሎ በቤት አይያዝም። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይኬዳል።

ከዚህ በመለስ ላለው ድካም መላው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ክኒኖቹን ሁሉ፣ የተረፉትንም ጨምራችሁ፣ በፌስታሉ ይዛችሁ ሂዱ። ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ጋር ከሄዳችሁ «ደህና ነኝ» ሲሉ ዝም አትበሉ፤ «ዶክተር፣ ዳገቱን ሲወጡ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ» ብላችሁ ንገሩ። ለሐኪሙ ደከመኝ ማለት ማማረር አይደለም፤ ሕክምናው በትክክል እንዲሠራ መርዳት ነው። ክኒኑን የመለወጥ ሥራ የሐኪሙ ነው፣ ድካሙን የመናገር ሥራ ግን የእናንተ ነው። ስለዚህ ተናገሩ፤ መድኃኒታችሁንም በራሳችሁ አታቁሙ።